በቀለም መመዘን፦ ዓይን የማያየውን ጥቂት ነገር እንዴት እንለካዋለን?



በዚህ ሳምንት በሳይንስ ዓምዳችን የምናቀርበው ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አይደለም፤ ከራሳችን ስሕተት የተገኘ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ስሕተቱን እንናገርና ከዚያ ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

ለማስተማር ልምምድ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድበን ሳለ፣ ከቤተ ሙከራ በትንሽ ጠርሙስ የፈሪክ ክሎራይድ ብጥብጥ ይዘን ሄደን ነበር። ሐሳባችን ለተማሪዎቹ የቀለም ለውጥ ለማሳየት ነው። ከትምህርት ቤቱ በታች አንድ ምንጭ አለ። ቅጠል ይረግፍበታል፤ ውሃውም ሻይ ሻይ ይላል። «ፌኖል ሳይኖርበት አይቀርም» ተባባልን። በብርጭቆ ቀዳን፣ ከጠርሙሳችን ጠብ ጠብ አደረግን፣ ውሃው ቢጫ ቡናማ ሆነ። «ይኸው ቀለም ሰጠ!» ብለን ተደሰትን።

አንዲት እናት አጠገባችን ጀሪካን እየሞሉ ነበር። ቀና ብለው «ልጆቼ፣ ውሃው ምን አለው?» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ቸኩሎ «እናታችን፣ ይኼ ውሃ መርዝ አለበት» አላቸው። ሌሎቻችን ዝም አልን፤ ዝምታችንም እንደ ምስክርነት ተቆጠረ። እሳቸውም የሞሉትን 20 ሊትር ደፍተው ባዶውን ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዙ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው።

ወደ ተቋማችን ተመልሰን ለኬሚስትሪ መምህራችን በኩራት ስንነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ባዶውስ የታለ?» መልስ አልነበረንም። እሳቸውም በአንድ ብርጭቆ የተጣራ ንጹሕ ውሃ ቀድተው ከዚያው ከጠርሙሳችን ያንኑ ያህል ጠብታ ጨመሩበት። ያው ቢጫ ቡናማ ሆነ። ፈሪክ ክሎራይድ ራሱ ቢጫ ቡናማ ነዋ! የቀለሙ ባለቤት ምንጩ ሳይሆን ጠርሙሳችን ነበር።

ይኽ ነው ያስተማረን። ከዚህ በታች ቀለምን ተጠቅሞ ጥቂት የአሮማቲክ ውህድ እንዴት እንደሚለካ፣ ቀለሙም መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደማይታመን በተራ እንገልጻለን። ስለ ምንጩ ምን እንዳደረግን ደግሞ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሀ. አሮማቲክ ማለት ምን ማለት ነው?

«አሮማ» መልካም ሽታ ማለት ነው። የጥንት ኬሚስቶች ስሙን ያወጡት ሽታቸው ደስ ከሚል ዘይቶችና ሙጫዎች ላገኟቸው ውህዶች ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1825 ቤንዜንን ለየ (ከመኪናው ነዳጅ ከቤንዚን ጋር እንዳይምታታ)። ኬኩሌ የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1865 ስድስት የካርቦን አቶሞች ክብ ሠርተው እንደ ቀለበት የተያያዙበት ነው ሲል አሳየ። ከዚያ ወዲህ አሮማቲክ የሚባለው ሽታ ያለው ሳይሆን ይኽን የመሰለ ቀለበት ያለው ውህድ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በክልላችን በመተከል በኩል የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ዕጣኑ ሲጨስ ቤቱን ያውደዋል። ይሁን እንጂ ከዚያ ዛፍ ዕጣን በሚወጣው ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኦክታይል አሴቴት የሚባል ውህድ ቀለበት የለውም፤ በኬሚስት ቋንቋ አሮማቲክ አይደለም። አስፒሪን ግን የረባ ሽታ ሳይኖረው ቀለበት ስላለው አሮማቲክ ነው። በአፍንጫ መመደብ ቀረ ማለት ነው።

በቀለበቱ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተያይዘው (ኦኤች ሆነው) ከተቀመጡ ውህዱ ከፌኖል ቤተሰብ ይመደባል። የጦስኝ ቲሞል፣ የቅርንፉድ ዩጂኖል፣ በሻይ ቅጠልና በአንዳንድ ማሽላ ውስጥ ያለው ታኒን፣ ሳሊሲሊክ አሲድም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይኽን ቤተሰብ ነው።

ለ. ቀለሙ ከየት ይመጣል?

የፌኖል ቤተሰብ አባላት ብዙዎቹ ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ቀለም የላቸውም። ሳሊሲሊክ አሲድ የሟሟበትን ውሃና ንጹሕ ውሃ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ዓይን አይለያቸውም። ታዲያ የማይታየውን ነገር ቀለም ካለው ከሌላ ነገር ጋር እናጣምረዋለን። በፈሪክ ክሎራይድ ውስጥ ያለው ብረት የፌኖሉን ኦክስጅን ይይዛል፤ አዲስ የተፈጠረውም ጥምር ከብርሃን ከፊሉን ይውጣል። ያልተዋጠው ብርሃን ዓይናችን ሲደርስ ቀለም እናያለን። ሳሊሲሊክ አሲድ ወይን ጠጅ ይሰጣል። ታኒን እንደ ዓይነቱ ሰማያዊ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ጥቁር ይሰጣል።

በመንደር ይኽን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ጥቂት የዛገ ምስማር በአቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ዘፍዝፎ ማቆየት ነው። ፈሳሹን አጥልሎ በቀጭን ሻይ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ሻዩ ይጠቁራል። የጠቆረው የሻዩ ታኒን ከምስማሩ ብረት ጋር ተጣምሮ ነው። ከምግብ ጋር ሻይ ማብዛት ሰውነታችን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል የሚባለውም በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ታኒኑ ብረቱን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል።

ሐ. ከ«አለ» ወደ «ስንት ነው»

እስካሁን ያልነው ሁሉ «አለ» ወይም «የለም» ለማለት ብቻ ነው። መለካት ግን «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሻይ የቀዳ ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፤ ቀጭን ሻይ ይነጣል። ቀጭኑም ቢሆን በረጅም ብርጭቆ ሞልተው ከላይ ወደ ታች ቢያዩት ጠቆር ይላል፤ ብርሃኑ ብዙ ሻይ አቋርጦ ነው የሚመጣው። ቡጌና ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1729 እና በ1760 ስለ ርዝመቱ፣ ቤር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1852 ስለ ውፍረቱ ያስተማሩት ይኽንኑ ነው። በአጭሩ፣ የሚዋጠው ብርሃን በብጥብጡ ውፍረትና ብርሃኑ በሚያልፍበት ርዝመት ይወሰናል። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ ርዝመቱን እጥፍ ስናደርገው ቀለሙ እኩል ይሆናል።

ከዚህ ተነሥተን ያለ መሣሪያ መለካት እንችላለን። ሦስት ነገር ብቻ ያስፈልጋል።

1ኛ. ባዶው። ባዶ ማለት ብርጭቆው ባዶ ነው ማለት አይደለም። የምንፈልገው ነገር ብቻ የሌለበት፣ ሌላው ሁሉ (ውሃው፣ ብረቱ፣ አሲዱ) በእኩል መጠን ያለበት ነው። ባዶው የሚሰጠው ቀለም የመድኃኒታችን ቀለም እንጂ የናሙናው አይደለም።

2ኛ. መመዘኛው። በውስጡ ስንት እንዳለ አስቀድመን የምናውቀው ብጥብጥ ነው። በገበያ ኪሎ ድንጋይ ሳይኖር ሚዛን እንደማይሠራ ሁሉ፣ መመዘኛ ሳይኖር ቀለም አይመዝንም።

3ኛ. ያልታወቀው። ይኽ የምንመረምረው ናሙና ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁመታቸውና ስፋታቸው እኩል የሆኑ፣ ታቻቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ሁለት ብርጭቆዎች እንወስዳለን። አንዱ ላይ መመዘኛውን፣ ሌላው ላይ ያልታወቀውን እንጨምራለን። ሁለቱንም ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠን ከላይ ወደ ታች እናያለን። ከጠቆረው በጥቂቱ እየቀነስን ሁለቱ እኩል ሲመስሉ እናቆምና ቁመታቸውን በማስመሪያ እንለካለን። ያን ጊዜ፦

የመመዘኛው ውፍረት × የመመዘኛው ቁመት = ያልታወቀው ውፍረት × ያልታወቀው ቁመት

ለምሳሌ መመዘኛው በሊትር 23 ሚሊ ግራም ቢሆንና በ4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካልታወቀው 10 ሳንቲ ሜትር ጋር እኩል ቢታይ፣ ያልታወቀው 23 × 4 ÷ 10 = በሊትር 9.2 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው። እኩል መምሰሉን አንድ ሰው ብቻ አይፍረድ። ሦስት ሰው ለየብቻ አይቶ፣ ቁጥሩን ሳይነጋገር ጽፎ፣ በኋላ ይተያይ። እኛ እንዲህ ስናደርግ የአንዳችን ዓይን ከሌላው ምን ያህል እንደሚለይ አየንና አፈርን፤ ግን ጠቀመን።

መ. መመዘኛን ከመድኃኒት ቤት ማግኘት

«የተመዘነ ኬሚካል ከየት እናመጣለን? ሚዛንም የለን» የሚል ጓደኛ ይኖራል። መልሱ አስፒሪን ነው። ፋብሪካው አስቀድሞ መዝኖልናል።

አስፒሪን በራሱ ከብረት ጋር ወይን ጠጅ አይሰጥም። በቀለበቱ ላይ ያለው ኦኤች በአሴቲል ተዘግቷልና። በኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ ሲፈላ ግን መዝጊያው ይለቅና ሳሊሲሊክ አሲዱ ይወጣል። የአስፒሪን የሞለኪውል ክብደት 180፣ የሳሊሲሊክ አሲድ 138 ስለሆነ፣ ከ300 ሚሊ ግራም አስፒሪን 300 × 138 ÷ 180 = 230 ሚሊ ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ ይገኛል።

አሠራሩ፦ ሽፋን የሌለውን ባለ 300 ሚሊ ግራም አንድ እንክብል መፍጨት፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 4 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ከተሟሟበት ብጥብጥ 10 ሚሊ ሊትር ወስዶ በቀስታ ለጥቂት ደቂቃ ማፍላት፤ ማቀዝቀዝ፤ ማጥለል፤ በውሃ 1 ሊትር መሙላት። ይኽ በሊትር 230 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ሚሊ ሊትር በመርፌ ሲሪንጅ እየለኩ (መርፌው ወልቆ) በአምስት ብርጭቆ መጨመር፤ እያንዳንዱን ትንሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በገባበት ቀጭን የፈሪክ ክሎራይድ ብጥብጥ 50 ሚሊ ሊትር መሙላት። የምናገኘው ተከታታይ በሊትር 4.6፣ 9.2፣ 13.8፣ 18.4 እና 23 ሚሊ ግራም ነው። ስድስተኛው ብርጭቆ ባዶው ነው፤ አይረሳ! አሲዱ መኖር አለበት፤ ኮስቲክ ሶዳው ካየለ ብረቱ ዝገት መሰል ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ተማሪ አያፍላው፤ መምህሩ ራሱ ያፍላው።

ይኽ ሙከራ ለጤናም ይጠቅማል። እርጥበት የገባው አሮጌ አስፒሪን በራሱ ጊዜ ይበታተናል። ሲያሸቱት አቼቶ አቼቶ የሚለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን እንክብል ሳናፈላ በውሃ ብቻ በጥብጠን ብረቱን ብንጨምርበት ወይን ጠጅ ይሆናል። ምን ያህሉ እንደተበላሸም ከመመዘኛው ጋር አስተያይቶ መናገር ይቻላል።

ሠ. የማሽላ ነገር

በአካባቢያችን ማሽላ ዋና እህል ነው። ገንፎው፣ እንጀራው፣ ቦርዴው ከእሱ ነው። «ቀይ ማሽላ ታኒን አለው፣ ነጩ የለውም» ሲባል ሰምተን እኛም ለተማሪ እንዲሁ ልንናገር ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የማሽላ ታኒን የሚገኘው ከላይ ከሚታየው ልጣጭ በታች ባለች ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ልጣጩ ቀይ ሆኖ ያቺ ሽፋን የሌለችው ማሽላ ብዙ አለ፤ ታኒን የለውም። ልጣጩ ነጣ ብሎ ከሥር ሽፋኗ ያለችውም ይገኛል። ከውጭ የምናየው ቀለም ለብቻው አይመሰክርም። ምስክር የሚሆነው በሙከራ ጠርተን ያወጣነው ቀለም ነው።

መሞከሪያው በረኪና ነው። ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ በተጨመረበት በረኪና ውስጥ 100 ፍሬ ማሽላ ከቶ፣ ዕቃውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ለጥቂት ደቂቃ እያነቃነቁ ማቆየት ነው። በረኪናው ላዩን ልጣጭ ይበላዋል። በደንብ አጥቦ በወረቀት ላይ ሲዘረጉት ታኒን ያለው ፍሬ ጥቁር፣ የሌለው ነጭ ሆኖ ይታያል። ጥቁሮቹን መቁጠር ነው። ከ100 ፍሬ 40 ጥቁር ቢሆን እህሉ የተደባለቀ ነው ማለት ነው። እዚህም መመዘኛ ያስፈልጋል፤ ታኒን እንዳለውና እንደሌለው አስቀድሞ የታወቀ ማሽላ ጎን ለጎን መሞከር አለበት። እንዲህ ያለ ዘር ለማግኘት አሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉ። መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የብረቱ ሙከራና የበረኪናው ሙከራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሰዓት አይሠሩ።

ይኽ ቆጠራ ስንቱ ፍሬ ታኒን እንዳለው ይነግረናል እንጂ በአንዱ ፍሬ ውስጥ ስንት ታኒን እንዳለ አይነግረንም። ለዚያ ቤተ ሙከራዎች ቫኒሊንን ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ይጠቀማሉ፤ ከማሽላው ታኒን ጋር ቀይ ይሰጣል። ጠቅላላ ፌኖልን ለመለካት ደግሞ ፎሊንና ቾካልቱ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጡት መድኃኒት አለ፤ ሰማያዊ ይሰጣል። ይኽኛው ግን ለጋስ ነው፤ ቫይታሚን ሲም ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል። የአሶሳን ማንጎ ጭማቂ በእሱ ብንለካ ያላግባብ ብዙ ፌኖል ያሳየናል። ስለዚህ የሚወጣው ቁጥር «እንደ ጋሊክ አሲድ ሲቆጠር ይኽን ያህል» ተብሎ ይጻፋል። በምን መመዘኛ እንደተለካ ያልተናገረ ቁጥር ግማሽ ቁጥር ነው።

ታኒን ያለበትን ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ግን «አላወቀም» አይባል። ታኒኑ ወፍንና ሻጋታን ይከላከልለታል። ወፍ በበዛበት ማሳ ላይ እህሉን ለቤቱ የሚያተርፍለት እሱ ነው። ችግሩ ሆድ ውስጥ ፕሮቲንና ብረት መያዙ ነው። እሱም ቢሆን በመፈተግ፣ በማቡካት፣ በአመድ ውሃ በመዘፍዘፍ ይቀንሳል። የመምህር ሥራ ለይቶ ማሳየት እንጂ መፍረድ አይደለም።

ረ. ጥቂት ማለት ስንት ነው?

አሁን ከብርጭቆ ወደ ትልቁ ውሃ እንሂድ። በክልላችን በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አለ። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል።

በሊትር 1 ማይክሮ ግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ በአንድ ሊትር ውሃ ነው። ኢምንት ይመስላል። አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ ሐይቁ 74 ሺህ ቢሊዮን ሊትር ነው። በእያንዳንዱ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም ቢኖር ጠቅላላው 74 ሚሊዮን ግራም፣ ማለትም 740 ኩንታል ይሆናል! በብርጭቆ ኢምንት የሆነው በሐይቅ የጭነት መኪኖች ጭነት ነው።

ይኽን የምናነሣው በምክንያት ነው። ማናቸውም ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሞላ ሣርና እንጨት ውሃ ይሸፍነዋል። እንጨት የቆመው ሊግኒን በሚባል፣ በአሮማቲክ ቀለበቶች በተገነባ ነገር ነው። ሲበሰብስ ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል፤ ከሚበታተነውም ውስጥ የፌኖል ቤተሰብ ይገኛል። እንዲህ ያለ ውሃ ለመጠጥ በክሎሪን ሲታከም ክሎሪኑ ከፌኖሉ ጋር ይጣመርና፣ በጣም ጥቂት ሆኖ ሳለ እንኳ ውሃውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ስለዚህ የውሃ ባለሙያ በሊትር ጥቂት ማይክሮ ግራም ማየት መቻል አለበት።

የእኛ ፈሪክ ክሎራይድ ይኽን አያይም። የአስፒሪኑን መመዘኛ እያቀጠንን ስንሄድ በሊትር 1 ሚሊ ግራም አካባቢ ስንደርስ እርስ በርስ ተከራከርን፤ ገሚሳችን «ቀለም አለ»፣ ገሚሳችን «የለም» አልን። 1 ሚሊ ግራም ደግሞ 1,000 ማይክሮ ግራም ነው። ፌኖል ራሱ ከሳሊሲሊክ አሲድ ይልቅ ደካማ ቀለም ስለሚሰጥ ለእሱማ ከዚህም የባሰ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. በ1943 ኤመርሰን ያስተዋወቀው 4-አሚኖአንቲፓይሪን ነው። ውሃው አስቀድሞ ይነጠራል፤ ከዚያ ወደ አልካሊነት ይመለስና መድኃኒቱና ፖታሲየም ፈሪሳያናይድ ሲጨመሩበት ቀይ ቀለም ይወጣል። ቀለሙ በጣም ቀጭን ከሆነ በክሎሮፎርም ይሰበሰባል። ከ500 ሚሊ ሊትር ውሃ የወጣው ቀለም ሁሉ ወደ 25 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም ቢሸጋገር 20 እጥፍ ይወፍራል፤ ኢምንቱ ይታያል። እሱም ቢሆን ሁሉን አያይም። ፓራ-ክሪሶልን የመሳሰሉ የፌኖል ዘመዶች ቀለም አይሰጡትም። እንግዲህ መሣሪያው ቢያምርም ጥያቄው ያው ነው፤ ባዶው የታለ? መመዘኛው ምንድን ነው? የማያየውስ ምንድን ነው?

ሰ. ወደ ምንጩ ስንመለስ

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው መንደር ሄድን። ባዶውንም መመዘኛውንም ይዘን ነበር። የምንጩ ውሃና ባዶው እኩል ታዩ። ምን ብለን እንናገር? «መርዝ የለበትም» ማለት አማረን። መምህራችን ግን አስቀድመው ነግረውናል፤ «አላየንም ማለትና የለም ማለት አንድ አይደለም።» በዚህ ሙከራ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ካልሞላ አናይም። ስለ ጀርም ደግሞ ይኽ ሙከራ ጭራሽ አይናገርም።

እናትየዋን ቤታቸው ድረስ ሄደን አገኘናቸው። «እናታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ያን ዕለት የተናገርነው ሳናጣራ ነው። ያየነው ቀለም የእኛው መድኃኒት ቀለም ነበር» አልን። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ውሃው ንጹሕ ነው በሉኛ» አሉን። «ይኽንንም ለማለት አንችልም። እኛ የፈለግነውን አላገኘንበትም። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት እንዲመረምረው እናመለክታለን፤ እስከዚያው አፍልተው ይጠጡ» አልናቸው። እሳቸውም «ሳምንቱን ሙሉ ወንዝ ወረድኩ እኮ» ብለው ሳቅ አሉ። ሳቃቸው ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን። ማመልከቻውን በዚያው ቀን ጽፈን አስገባን።

ጓደኞቻችን፤ ነገ ሁላችንም ቤተ ሙከራ ወደሌለበት ትምህርት ቤት እንመደባለን። እዚያ መሣሪያ ማጣቱ አይገድለንም፤ ሁለት ብርጭቆ፣ ማስመሪያና አንድ አስፒሪን እንደሚበቃ አይተናል። የሚገድለው ባዶውን መርሳት ነው። የመምህር ቃል በገጠር ይታመናል፤ ጀሪካን ያስደፋል። ስለዚህ ቀለም አይተን ከመናገራችን በፊት ሌላ አንድ ብርጭቆ እናስቀምጥ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በሊትር 18.4 ሚሊ ግራም የሆነ መመዘኛ በ7 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካልታወቀው 14 ሳንቲ ሜትር ጋር እኩል ታየ። ያልታወቀው በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ነው?

2. በሊትር 2 ማይክሮ ግራም ፌኖል ያለበት ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ስንት ማይክሮ ግራም ይይዛል? በሞላው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅስ ስንት ኩንታል ይሆናል?

3. አንድ ሠልጣኝ የሻይን ታኒን ሲለካ ባዶውን በንጹሕ ውሃ ብቻ ሠራ፤ የምስማሩን ፈሳሽ አልጨመረበትም። ስሕተቱ የሻዩን ታኒን ያበዛዋል ወይስ ያሳንሰዋል? ለምን?

መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። ከዚያ በፊት የሠራ ሰው በወረቀት ጽፎ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ይለጥፍልን። ሙከራውን በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት እኩል ብርጭቆ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራው ይምጣ።